ልቤ ዝም ያለ ዕለት

ባለፈው ወር የድሮ ተማሪዎቻችን ገንዘብ አዋጥተው፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ድንኳን ተክለው፣ በሕይወት ያለነውን የቀድሞ መምህራን ጠሩን። ተማሪዎቹ ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል፤ መሐንዲስ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ዳኛ አለ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሸንቃጣ ሰውዬ ማይክራፎን ያዘና «ቲቸር ዘሀራን የማያስታውስ አለ?» አለ። «ጠመኔ ሲይዙ እጃቸው እንዲህ ይንቀጠቀጥ ነበር!» ብሎ ማይክራፎኑን በእጁ አርገፈገፈው። «እኛ ደግሞ የሚፈሩን እየመሰለን ጉራችን!» ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። በክፋት እንዳልተናገረው አውቃለሁ፤ ሲጨርስ መጥቶ ትከሻዬን ስሞኛል። ጆሮዬ ግን እስከ ጫፉ ነደደ። በዚህ ዕድሜዬ፣ የልጅ ልጅ ባዩ ሰዎች መካከል በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የሃያዎቹ ዕድሜ ሀፍረት ከእግሬ ጥፍር ተነሥቶ ፊቴ ላይ ሲወጣ ተሰማኝ። ምሳውን ሳልጨርስ ወጣሁ። ባጃጅ መያዝም አልፈለግሁ፤ በድሮው መንገድ በእግሬ ሄድኩ።

የድሮው መንገድ አልኩ እንጂ ያኔ ከሚሴ ራሷ ከአንድ መንገድ አትበልጥም ነበር። ዛሬ መስታወታቸው የሚያብረቀርቅ ባንኮች ባሉበት ቦታ ሁለት ተርታ የቆርቆሮ ሱቆች ነበሩ። ከበስተጀርባቸው ሜዳ፣ ከሜዳው ወዲያ የጨፋ ረግረግ፣ የቦርከና ወንዝ፣ ከብትና ሸምበቆ። ወደ አሰብ የሚወርዱና ከአሰብ የሚወጡ ተሳቢ መኪናዎች በከተማዋ መሀል ሲያልፉ የሻይ ቤቱ ብርጭቆ ሁሉ ይንጫጫል። መናኸሪያው አጠገብ ካሴት የሚሸጥ ሰው ነበር፤ ጠዋት መንዙማ፣ ከሰዓት የኦሮምኛ የሠርግ ዘፈን ይለቃል፤ ገበያ በደራ ቀን ደግሞ ሁለቱን በሁለት ቴፕ አንድ ላይ። ሙዝ በሃምሳ ሳንቲም እቅፍ ሙሉ ይገዛ ነበር። ሴቶቹ በዚያ ዘመን የወጣውን ብልጭልጭ ናይለን ሻሽ ያስሩ ነበር፤ ወንዶቹ ሽርጥ በሸሚዝ። እንደ እኔ ያለች መምህርት ደግሞ ከጉልበቷ የሚወርድ ጉርድ፣ ሸሚዝ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሻሽ። ሙቀቱ ያው የዛሬው ሙቀት ነው። እሱ ብቻ አልተለወጠም።

እኔ የጨፋ ሮቢት ገበሬ ልጅ ነኝ። ቤታችን ኦሮምኛና አማርኛ ተቀላቅሎ የሚነገርበት ነበር፤ እናቴ ወሬዋን በአንዱ ጀምራ በሌላው ትጨርሰዋለች። ባዮሎጂ ተምሬ ስመለስ አባቴ «ሐኪም ሆነሽ መጣሽ?» አለኝ። «አይ አባ፣ አስተማሪ ነኝ። ስለ ሰው አካል ነው የማስተምረው» ስለው «ያው ነው» አለና ለመንደሩ ሁሉ ልጄ ሐኪም ናት እያለ አወራ። ከሚሴ ተመድቤ እትዬ ሐዋ የሚባሉ መበለት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ።

እንድሪስን ያገባሁት በመጀመሪያው የማስተማር ዓመቴ ነው። የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። ጥቁር መነጽር፣ ክንዱ ላይ የተጠቀለለ ሸሚዝ፣ ከመኪናው መስኮት የሚወጣ አንድ ክንድ ከሌላው የጠቆረ። ከተማዋ ዳር ሲደርስ ጥሩምባውን አንዴ አስረዝሞ አንዴ አሳጥሮ ይነፋዋል፤ ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ «የቲቸር ባል መጣ!» ብለው ይንሾካሾካሉ፤ እኔ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ፈገግ እላለሁ። ሽቶ ያመጣልኛል፣ የባሕር ማዶ ጨርቅ ያመጣልኛል። ኋላ ኋላ የሴት ወሬም መጣ፤ ከሚሌ፣ ከሎጊያ፣ ከየማደሪያው። ጠየቅሁት። አልዋሸኝም። ያ ደግሞ ባሰብኝ። ሳንሰዳደብ፣ ቃዲ ፊት ቀርበን ተለያየን። ልጅ አልነበረንም። ከዚያ ወዲያ በከሚሴ ሲያልፍ ጥሩምባውን አይነፋም ነበር።

ከምወዳቸው ትምህርቶች ሁሉ አንደኛው የልብ ትምህርት ነበር። መጽሐፉ ላይ ያለው አጭር ነው፤ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ሲለቀቅ ልብ በፍጥነት ይመታል ይልና ያልፋል። እኔ ግን ኮሌጅ ሳለሁ አንብቤ የተደነቅሁበትን እጨምርላቸው ነበር። «አድሬናሊን የልብ ሴል ውስጥ አይገባም» እላለሁ። «ከኩላሊት በላይ ካለች ትንሽ እጢ ተነሥቶ በደም ተጉዞ ይመጣል፤ መጥቶ ግን ደጅ ላይ ይቆማል። በሴሉ ቆዳ ላይ የሚቀበለው በር አለ። ያን በር ይነካል፤ በቃ፣ የሱ ሥራ አለቀ። ከዚያ ውስጥ ያለ ሌላ መልእክተኛ ይነሣል። ሁለተኛው መልእክተኛ ይባላል። እሱ ነው ቤት ለቤት እየሮጠ የሚቀሰቅሰው። ጎተራ ውስጥ የተቆለፈ ካልሲየም አለ፤ ጎተራው ይከፈታል፤ ካልሲየሙ ይፈስና ክሮቹን ይስባቸዋል፤ ልባችሁ ድም ይላል። ከዚያ ካልሲየሙ አንድ በአንድ ተለቅሞ ወደ ጎተራው ይመለሳል። ልብ ለማረፍም ይሠራል፤ ካልሲየሙን ለመመለስ ጉልበት ያወጣል።» እንዲህ ስል ያ ሁሉ ስድሳ ምናምን ልጅ ዝም ብሎ እጁን ደረቱ ላይ ያደርግ ነበር። እኔም እንደ ትልቅ ሰው እኮራ ነበር።

ከፍቺው በኋላ ባለው ዓመት፣ ይሄንኑ ትምህርት እያስተማርኩ፣ የራሴ ልብ ያለ ምንም ምክንያት መሮጥ ጀመረ። ደረጃ ወጥቼ አይደለም፣ ተቆጥቼም አይደለም። ሰሌዳ ፊት ቆሜ እንዲሁ ይነሣና አንገቴ ላይ ይመታል። ከዚያ እጄ። የልብ ሥዕል ልስል ጠመኔውን ሳሳርፍ መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ከኋላዬ ሳቅ እሰማለሁ። አንዱ ጎረምሳ «ቲቸር፣ አድሬናሊን መጣብሽ እንዴ?» አለኝና ክፍሉ በሙሉ አወካ። እኔም ጠመኔውን ለአንዲት ተማሪ ሰጥቼ «አንቺ ሳዪው» አልኩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምስለው ሥዕል ሁሉ በሰው እጅ ሆነ።

ላቡ ደግሞ ሌላ ነው። ከሚሴ ማን የማያልበው አለ? የእኔ ግን ጠዋትም ነው። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ እንዳይታይ ግድግዳ ተደግፌ አስተምር ነበር። ርሃቡስ! እንደዚያ የበላሁበት ዘመን የለም። ከእትዬ ሐዋ ጋር ምሳ በልቼ ክፍሌ ገብቼ በር ዘግቼ ያን እቅፍ ሙዝ ብቻዬን እጨርሳለሁ፤ ልጣጩን በጋዜጣ ጠቅልዬ በቦርሳዬ ይዤ ወጥቼ ሩቅ እጥላለሁ። ሰው እንዳያየኝ። እንደዚያ እየበላሁ ደግሞ እከሳለሁ። ጉርዴ ወገቤ ላይ አልቆም አለ። መክሳቴ እንዳይታወቅ በዚያ ሐሩር ሁለት የውስጥ ጉርድ ደርቤ፣ ከሸሚዙ ሥር ሹራብ ለብሼ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። ሰውነቴ እንደ ምድጃ እየነደደ ሹራብ መልበስ ምን ማለት እንደሆነ የለበሰው ያውቀዋል። ዓይኔም ፈጠጥ አለ። መስታወት ሳይ የማላውቃት፣ የደነገጠች ሴት ታየኛለች።

ያ ዘመን ለሚከሳ ሰው ሁሉ አንድ ስም ብቻ የነበረበት ዘመን ነው። ስሙን ማንም ጮክ ብሎ አይጠራውም፤ «የዘመኑ በሽታ» ይላሉ፤ ወይም ዝም ብለው ከንፈራቸውን ይመጣሉ። የሾፌር ሚስት የነበረች፣ የተፈታች፣ የከሳች። ማን ይሳሳታል? ገበያ ሳልፍ ወሬ ይቋረጣል። ድሮ «አካም ቡልቴ ቲቸር፣ ነጋ?» ብለው እጄን ይዘው የማይለቁኝ ሴቶች ሰላምታቸውን ከሩቅ ያደርጉት ጀመር። ርእሰ መምህሩ ጠርተው «ለምን ጥቂት አታርፊም፣ እህቴ?» አሉኝ፤ ሲናገሩ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

እትዬ ሐዋ ግን ምንም አላሉኝም። ብርጭቆዬን የለየሁት እኔው ራሴ ነኝ። ክፍል ውስጥ ገብቼ «በሽታው በብርጭቆ አይተላለፍም፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም» ብዬ አስተምራለሁ፤ ቤት መጥቼ ብርጭቆዬንና ሳህኔን ለብቻ አጥቤ ክፍሌ መስኮት ላይ እደፋለሁ። አንድ ቀን እትዬ ሐዋ አዩኝ። ብርጭቆውን አዩ፣ እኔን አዩና ገቡ። እኔ ራሴ አመንኩት ማለት ነው። እሳቸው ምን ያድርጉ?

መመርመር ነበረብኝ። ደሴ ሩቅ አይደለም። ግን እዚያ ሆስፒታል፣ የምርመራው መስኮት ፊት መሰለፉን ሳስበው፣ ከከሚሴ የሄደ አንድ ሰው ሲያየኝ ሳስበው፣ አባቴ ያ «ልጄ ሐኪም ናት» የሚለው ሰውዬ ሲሰማ ሳስበው፣ መሞቱ ይሻለኛል እል ነበር። ከልቤ ነው የምለው።

ከዚህ ሁሉ ያወጣኝ እንድሪስ ነው፤ የመጣው ግን ሊያወጣኝ አልነበረም። አንድ ከሰዓት፣ ከትምህርት ቤት ተመልሼ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ተቀምጬ ሳለሁ፣ የእንድሪስ ተሳቢ ግቢው ደጅ ላይ መጥቶ ሲቆም ምድሩ ተንቀጠቀጠ። በሩን ሳያንኳኳ ገባ።

«ሰው ሁሉ እኔ ገደልኳት እያለ ነው!» አለ ገና ከደጅ። «ሻይ በጠጣሁበት ሁሉ! ኮምቦልቻ ድረስ! ምን ብለሽ ነው ያወራሽው?»

«ምንም አላወራሁም» አልኩ። ልነሣ ስል ጉልበቴ ከዳኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሻሼ አንገቴ ላይ ወርዶ ነበር። አየኝ። የያዘው ቁጣ ከፊቱ ላይ ሲወርድ ታየኝ።

«ያ ረቢ» አለ በቀስታ። «ዘሀራ፣ አንቺ ነሽ?»

እትዬ ሐዋ ከቤታቸው ወጥተው በር ላይ ቆሙ።

«ተመርምረሻል?» አለኝ እንድሪስ።

«አልተመረመርኩም።»

«እኔም አልተመረመርኩም» አለ። መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጠረገው። «ልበሺ። እንሂድ። ከሆነም አብረን እንወቀው።»

«ሰው ያየናል» አልኩት።

«ይየን!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይየን እንግዲህ። ምን ቀረን?» አለ።

እትዬ ሐዋ መጥተው ሻሼን አስተካክለው አሰሩልኝ። እጃቸው ፊቴን ሲነካኝ ማልቀስ አማረኝ፤ ሰው ከነካኝ ቆይቶ ነበርና። እንድሪስ ደግፎ ጋቢናው ላይ አወጣኝ። ሐርቡን አልፈን ኮምቦልቻ ደረስን። የደሴን ዳገት ስንያያዘው ብርዱ በመስኮት ገባና እንድሪስ ኮቱን ሊያለብሰኝ ዘረጋ። «ተወው» አልኩት፤ ያ ብርድ ከወራት በኋላ ያገኘሁት የመጀመሪያ እረፍት ነበር።

የመረመረኝ ሐኪም ጠና ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ስለ ፍራቻዬ ልነግረው አፌን ስከፍት በእጁ አስቆመኝ። «መጀመሪያ ውሃ ጠጪልኝ» አለ። ስጠጣ አንገቴን ተመለከተ። ከኋላዬ ቆሞ በጣቶቹ ዳበሰው። ዓይኔን አየ። ከዚያ እጄን ወደ ፊት እንድዘረጋ አዘዘኝና የተዘረጉት ጣቶቼ ላይ አንድ ወረቀት አስቀመጠ። ወረቀቱ ነፋስ እንደያዘው ቅጠል ተርገፈገፈ።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«አስተማሪ ነኝ።»

«የምን?»

«የባዮሎጂ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

ፈገግ አለ፤ እንዳፈርኩ ሲያይ ፈገግታውን ዋጠው። «የራስን ጀርባ ማንም አያይም» አለ። «ይሄ ታይሮይድ ነው፣ የእንቅርት እጢ። ከሚገባው በላይ እየሠራ ነው። ሌላውን ምርመራ እናደርጋለን፣ ግድ ነው። ያከሳሽ ግን ይሄ ነው ብዬ አስባለሁ።»

እንቅርት! በደጋው እንቅርት ያለበት ሰው ሞልቷል፤ አጎቴ ነበረበት፣ ሁለት አክስቶቼ ነበረባቸው፤ ማንም እንደ በሽታ አይቆጥረውም። የኔው ደግሞ ገና ትንሽ ነበር፤ በሻሽ ሥር ይሸሸግ ነበር። ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። የአድሬናሊንን ነገር ታውቂዋለሽ፣ ደጅ ላይ ቆሞ ነው የሚያንኳኳው፤ የእንቅርት እጢ ሆርሞን ግን እንደሱ አይደለም፤ ሴሉ ውስጥ ዘልቆ እስከ እምብርቱ ይገባና ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከሚሰጠው ትእዛዝ አንዱ «በር ጨምሩ» የሚል ነው አለኝ። «አሁን የልብሽ ሴሎች ደጅ በደጅ ሆነዋል። አድሬናሊኑ ያው የድሮው ያህል ነው፤ ግን የሚያንኳኳው በር በዛ። ለዚያ ነው ተቀምጠሽ የምትሮጪው።» ሁለት ዓይነት ኪኒን ጻፈልኝ። አንዱ እጢውን የሚያዳክም ነው፤ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል። ሁለተኛው ፕሮፕራኖሎል ነው። «ይሄኛው በሮቹ ላይ ይቀመጣል» አለ። «አድሬናሊን ሲመጣ ቦታው ተይዟል። ቶሎ ያሳርፍሻል። በራስሽ ፈቃድ ድንገት እንዳታቆሚው።»

ያን ሁሉ በቃሌ የማስተምረው እኔ፣ በራሴ ደረት ሲሆን አላወቅሁትም። ከክፍሉ ስወጣ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እንድሪስ «ምን አለሽ?» ሲለኝ «እንቅርት ነው አለኝ» አልኩት፤ ያንን ቃል ስናገር እንኳ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር። ለሌላው ምርመራ ሁለታችንም ደም ሰጠን፤ ውጤቱ ቶሎ አይደርስም ተባለና ቀጠሮ ይዘን ተመለስን።

ኪኒኑ ሠራ። በጥቂት ቀን ውስጥ እጄ ረጋ። ሌሊት አንገቴ ላይ ሲደበድበኝ የነበረው ልብ ወደ ደረቴ ተመለሰ። ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ላይ አንድ ክብ ሳልሁ፤ ክብ ሆነልኝ። ቀጠሮው ሲደርስ እንድሪስ ከአሰብ ሲመለስ ያዘኝና ሄድን።

አንድ በአንድ ነው የሚጠሩት። መጀመሪያ እኔ ገባሁ። ምክር የምትሰጠው ሴት ወረቀቱን አይታ «ነጻ ነሽ» አለችኝ። ስወጣ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። ኮሪደሩ ላይ በርሜል ነበረ፤ በጣሳ ውሃ ቀድቼ ይዤ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። እንድሪስ ገባ። ቆየ። ሲወጣ መነጽሩን አድርጎ ነበር፤ በቤት ውስጥ መነጽር አያደርግም።

«አንቺስ?» አለኝ።

«ነጻ ነኝ። አልሃምዱሊላህ።»

«አልሃምዱሊላህ» አለ። ከልቡ ነው ያለው፤ ፊቱ በራ። አጠገቤ ተቀመጠና ወደ ፊት ወደ ግድግዳው እያየ «እኔ ግን አለብኝ አሉ» አለና ወደ እኔ ዞረ።

ይኸውና እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ። ይህን ሲነግረኝ ልቤ ምንም አላደረገም። እንዳለ፣ በልኩ፣ ድም ድም እያለ ቀጠለ። የገዛ ደረቴን ሰማሁት፤ ጠበቅሁት። ይህን ያህል ወራት በከንቱ ሲሮጥ ኖሮ፣ መሮጥ ባለበት በዚያች ሰዓት ዝም አለ። ምክንያቱን ከማንም በላይ አውቀው ነበር፤ አድሬናሊኑ መጥቷል፣ ደጁን ፕሮፕራኖሎል ይዞታል፣ ሁለተኛው መልእክተኛ አልተነሣም፣ ጎተራው እንደተዘጋ ነው። ይህንን ሁሉ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እንደ ትምህርት አሰብኩት። ግን አፌ ውስጥ አንድ ቃል አልነበረም። ልቤ ካልነገረኝ ማዘኔን ማን ይንገረኝ? ከውስጥ ደግሞ ደስታዬ አልበረደም፤ «ነጻ ነሽ» የሚለው ድምፅ ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ጣሳውን ይዤ «አላህ ያውቃል» አልኩት። ይህን ብቻ። እሱም «ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ። «አልነግርም» አልኩ። አልነገርኩም።

ከሚሴ አድርሶኝ ሲሄድ ዞር ብሎ አላየኝም። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ የለም፤ ሌላ መስመር ያዘ አሉ። እኔ ወፈርኩ። ሴቶቹ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ ቲቸር!» እያሉ እጄን እንደገና ይይዙ ጀመር፤ እትዬ ሐዋ መስኮቴ ላይ የተደፋውን ብርጭቆ ራሳቸው አንሥተው ከሌሎቹ ጋር ደባለቁት። ዶክተሩ ውሎ አድሮ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ቀንሶ አቆመልኝ። ሰው ሁሉ የኔን ጤና ሲያይ «እንግዲያ እሱም ደህና ነው ማለት ነው» አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ሌላ ባል አላገባሁም። ጠያቂ አልጠፋም፤ ግን አንድ ሰው የሞቱን ወሬ ሲነግረኝ ውሃ ይዤ የተቀመጥኩ ሴት መሆኔን አውቃለሁና፣ ለማንም ልሆን አልቻልኩም።

ዓመታት አለፉ። የአሰብ መንገድ ተዘጋ፣ ጂቡቲ ተከፈተ። ካሴት ሻጩ ሞባይል መጠገን ጀመረ። ጋሪው ጠፋ፣ ባጃጅ መጣ። ዕድሜ የሚያራዝመውም መድኃኒት መጣ፤ መጀመሪያ ደሴ፣ በኋላ እዚሁ ከሚሴ። በዚያ ሰሞን ለከብት ገበያ ሰንበቴ ከተማ ደርሶ የመጣ ዘመዳችን «ያ ሾፌር ባልሽ የነበረው እዚያ እናቱ ቤት ተኝቷል፤ አይነሣም» አለኝ። በማግሥቱ ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። እንድሪስ አልጋው ላይ የልጅ ያህል ሆኖ ነበር። እናቱ ዕድሜያቸው የገፋ ናቸው፤ እንግዳ እንዳያየው መጋረጃ ጋርደውበታል።

«መድኃኒት እኮ አለ» አልኩት።

«አውቃለሁ። መሰለፍ አለ።»

«አብሬህ እሰለፋለሁ።»

ከሚሴ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። የመጀመሪያው ቀን አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለን፣ የድሮ ተማሪዬ እናት የሆነች ሴት አየችኝና ደንግጣ «ቲቸር፣ አንቺም?» አለች። እኔም ሳላስበው፣ ቶሎ ብዬ «ኧረ እኔ አይደለሁም! እሱን ላደርስ ነው» አልኩ። እንድሪስ ሰማ። «እውነቷን ነው» አለ፤ ሊያግዘኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አጥንቴ ድረስ አፍሬ አላውቅም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ብቻዬን እሄዳለሁ ቢለኝም አብሬው ሄድኩ፤ በዚያም በኋላ። ሰው ሲጠይቀኝ «ከእንድሪስ ጋር ነኝ» እላለሁ፤ የፈለገውን ይገምት።

ተነሣ እንድሪስ። ሥጋ ያዘ። ተሳቢ ለመንዳት ጉልበቱ ስላልተመለሰ የአጎቱ ልጅ ባጃጅ ሰጠው። ያ ከተማ የሚያናጋ ጥሩምባ የነበረው ሰው በሦስት ጎማ ሲሄድ መጀመሪያ አፍሮ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወርደው ነበር። በኋላ ለመደው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ዋርካ ሥር አቆመና ሞተሩን አጠፋ።

«ዘሀራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቅ።»

«ደሴ፣ ያን ዕለት። ስነግርሽ እጅሽን አየሁት። ከዚያ በፊት ብርጭቆ መያዝ የማትችይ ሰው፣ ውሃ ሞልተሽ ይዘሽ ጠብታ አልፈሰሰሽም። ፊትሽም አልተለወጠም።» ወደ ፊት ወደ መንገዱ እያየ ነበር የሚናገረው። «ለካ ለዚች ሴት ምንም አይደለሁም አልኩ። ለዚያ ነው የጠፋሁት። ሕመሙን ፈርቼ አይደለም።»

ይህን ሁሉ ዓመት እኔ ብቻ የማውቀው ሀፍረት ይመስለኝ ነበር። ለካ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ አይቶታል፤ ይዞትም ኖሯል።

«ኪኒኑ ነው» አልኩት።

«የቱ ኪኒን?»

«ለልቤ የሰጡኝ። ድንጋጤው መጥቶ ነበር፣ ወላሂ፤ ደጅ ድረስ መጥቶ ነበር። በሩን ኪኒኑ ይዞት አላስገባውም። ልቤ ስላልሮጠ ያላዘንኩ መሰለኝ። አፌ መናገር ነበረበት፤ አልተናገረም። እፍረት ይዞኝ ነው፣ እንድሪስ፤ እስከ ዛሬም ይዞኛል።»

አንድ ሚኒባስ በጎናችን አለፈ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀ ነው። እንባውም አብሮ ይወርዳል።

«እና ይሄን ሁሉ ዓመት ያኮረፍኩት አንዲት ኪኒን ነው?» አለ።

«አንዲት ትንሽ ኪኒን።»

ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ወደ ኋላ ወንበሩ ዞሮ ተመቻችቶ ተቀመጠ። «እስቲ ከመጀመሪያው አስረጂኝ» አለ። «ማን ነው የሚመጣው? ደጁ የት ነው? ውስጥ ያለውስ ማን ነው?»

ከኩላሊት በላይ ካለችው ትንሽ እጢ ጀመርኩ። ሁለተኛው መልእክተኛ ጋ ስደርስ ሁለት ሴቶች ዘንቢል ተሸክመው ከመንገዱ ማዶ «አቦ ባጃጅ! ከተማ ትሄዳለህ?» ብለው ተጣሩ።

«አልሄድም!» አለ እንድሪስ፣ ዓይኑን ከእኔ ሳያነሣ። «ትምህርት ላይ ነኝ።»